ቅቤ የሆነው ፓና

«ድምፁን አልሰማሽውም?» አሉኝ ጋሼ ደምሴ፣ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አዘንብለው እያዩ።

«አልሰማሁም» አልኩ።

«ሁለት ዓመት ያስተማርኩሽ እኮ እሱን ብቻ ነው። ዱቄት መንፋትማ ማንም ይነፋል። ፓና ሲደርስ የመምቻው ሽቦ ድምፅ ይወፍራል፤ ያን ጊዜ እጅ ይቆማል። ሌላ ጥበብ የለውም።»

«እጄ ነው ጋሼ። ወተት ሲንጥ ያደገ እጅ ነው፤ ቅቤው ሳይወጣ መቆም አያውቅም።»

«እና ይሄ መናጫ ነው?»

መናጫ አልነበረም። በዳንግላው ኬክ ቤታችን ጓሮ፣ ከምድጃው ራቅ ባለችው ክፍል፣ ሌሊቱን ብርድ ሲመታው ያደረ ሰፊ የአሉሚኒየም ሳህን ነበር። ውስጡ ከከተማው ዳር ከሚኖሩት ከእማማ ጥሩነሽ ቤት በሦስት ቀን የተጠራቀመ፣ ተመትቶ ፓና የሚባለውን ነጭ ክሬም የሚሆን ስልባቦት ነበረበት። ጠዋት ሳየው ነጭ፣ ወፍራም፣ እንደ አዲስ ጥጥ የሚያምር ነገር ነበር። አሁን ቢጫ ፍርፋሪ ሆኖ አሬራ ላይ ይንሳፈፋል። ኬኩ የታዘዘበት ሠርግ በማግስቱ ጫግኒ ነው፤ ሌላ ስልባቦት በዚያች ከተማ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ኬኩን በቅቤ ክሬም እንሸፍነው አልኳቸው። የስኳር ዱቄት አለ፣ ቅቤው ይኸው ወጥቷል፣ ጫግኒ ደግሞ ሙቀት ነው፤ ፓና መንገድ ላይ ይወርዳል፣ ቅቤ ግን ይጸናል።

«ቅቤ ማለት የተበላሸ ፓና ነው» አሉ።

«እኛ አገር ደግሞ ፓና ማለት ያልደረሰ ቅቤ ነው» አልኩ።

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር። ያን ዕለት ሳህኑን አስቀምጠው መሐረባቸውን አወጡና እጃቸውን አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት ጠረጉ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ በቀደም እዚሁ እንጅባራ ያየሁት ነገር ነው። ከገበያ ስመለስ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ማዶ አዲስ ኬክ ቤት ተከፍቶ አገኘሁ፤ የቫኒላው ሽታ አስፋልቱን ተሻግሮ ያዘኝ። ገባሁ። አንድ ለግላጋ ልጅ ከካርቶን የቀዳውን ክሬም በማሽን ይመታል፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ስልኩን ያያል። ድምፁን ሳትሰማ መድረሱን በምን ታውቃለህ አልኩት። ማሽኑ ራሱ ይቆማል እማማ አለኝ። አልፎ ቢሄድና ቅቤ ቢሆንብህስ ስለው ሳቀ። «ይሄ የአትክልት ነው እኮ፤ የጾም ነው። ዓመት ቢመታ ቅቤ አይሆንም» አለ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዓመት ሙሉ ቢመቱት ቅቤ የማይሆን ክሬም። አንድ ቁራጭ አዘዝኩ፤ ጣፋጭ ነበር፤ ቀለል ያለ፣ ምላስ ላይ ሳይቆይ የሚጠፋ ነገር። ዋጋውን ስሰማ ግን በዚያ ብር ያኔ ዳንግላ ላይ ስንት ሠርግ ይደገስ እንደነበር አሰብኩ።

ያኔ አንድ ቁራጭ ኬክ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ከሻይ ጋር ስድሳ አምስት። ይህም ቢሆን ውድ ነው ተብሎ ይታማ ነበር። ኬክ ቤቱ ዋናው መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ለምሳ የሚቆምበት አካባቢ ነው፤ ከአንድ ልብስ ሰፊና ከአንድ ካሴት ሻጭ መሐል የተጣበቀ፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የመስታወት ሣጥን ያለው ቤት። ካሴት ሻጩ ጠዋት የጀመረውን የፍቅር ዘፈን ማታም ያንኑ ያጫውታል፤ ካኪ የለበሰ ሰው ወደዚያ ሲመጣ ካየ ቶሎ ብሎ ወደ ማርሽ ሙዚቃ ይለውጣል፤ ሰውየው ሲያልፍ ዘፈኑ ካቆመበት ይቀጥላል። እኛ ከዘፈኑ መቋረጥ ማን እየመጣ እንደሆነ እናውቅ ነበር። የአውቶቡስ ረዳቶች መሬት የሚጠርግ ቦላሌ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ መቀመጫ ሳይፈልጉ ቆመው ኬክ ይበላሉ። እኔ አንዲት የተትረን ሸሚዝና አንዲት ሰማያዊ ጉርድ ነበረችኝ፤ ማታ አጥቤ ጠዋት እርጥቡን እለብሳታለሁ። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነው። የተገኘውን በሙቀጫ ወቅጠን፣ በሻሽ ነፍተን የስኳር ዱቄት እናደርገዋለን፤ አቧራው ቅንድቤ ላይ ሰፍሮ ስወጣ ልብስ ሰፊው በአንድ ቀን አረጀሽ ይለኝ ነበር።

ጋሼ ደምሴ ሙያውን የተማሩት አስመራ ነው፤ ከአንዲት አሮጊት ጣሊያን። ፓና የሚለውን ስም ያመጡትም ከዚያው ነው፤ ዳንግላ ላይ በዚህ ስም የሚጠራው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለምን ከአስመራ እንደወጡ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ያኔ ሰው ከየትና ለምን እንደመጣ አይጠየቅም። ሚስታቸው እዚያው እንደቀሩ፣ መንገዱም እንደተዘጋ ግን ሁሉም ያውቃል። ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ኮታቸው ብብቱ ላይ የተጣፈ፣ ጫማቸው ግን ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ነበሩ። ጎረቤቱ ኬክ ላይ ያለውን ነጭ ነገር ሁሉ «ክሬም» ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን ይለያሉ። ፓና ወተት ሳለ በአየር የተነፋ ነው፤ አፍ ሳይገባ ያልቃል፤ ሰውን አያጠግብም፤ ክብሩ እሱ ነው። የቅቤ ክሬም ደግሞ ምላስ ላይ ይተኛል፣ ጥርስ ላይ ይለጠፋል፣ ሁለት ጉርሻ ከበሉት ምሳ ነው። የቆርቆሮ ሠሪው ከወተት ጣሳ በሠራላቸው ጥርስ ባለው የመጭመቂያ አፍ ፓናውን እየጨመቁ አበባ ሲያወጡ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው። አበባው ሲያልቅ ይተነፍሳሉ፤ እኔም አብሬ እተነፍሳለሁ።

እኔ ግን ልቤ ከአበባው ላይ አልነበረም። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ አቁሜ ነው እሳቸው ዘንድ የገባሁት። ስኳር የመጣበትን ቡናማ ወረቀት እየቀደድኩ ግጥም እጽፍበታለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ ሱቅ ዕቃ ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ያገኘሁትን እየቆረጥኩ፣ ቤት ሲመታ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው የለመድኩት። እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም፣ ዓይኔ ከሰው ላይ አይነሣም ነበር። አክስቴ አንቺ ልጅ ወይ ትጽፊያለሽ ወይ ትታመሚያለሽ ትለኝ ነበር። ያን ሁሉ ወረቀት ግን ያነበበ አልነበረም። እሳትም ሲጠፋ አክስቴ ለኩሳበታለች።

ፊደል ኬክ ላይ መጻፍ የጀመርኩት በአንድ የበዓል ዝግጅት ነው። ቀበሌው ትልቅ ኬክ አዘዘ፤ ላዩ ላይ መፈክር ይጻፍ ተባለ። ጋሼ በፓና ጻፉት፤ በጣም የሚያምር ጽሕፈት ነበራቸው። አዳራሹ በሰው ታጭቆ ይሞቃል፣ ንግግሩ ረዘመ፣ ፊደሎቹ ቀስ እያሉ ወደ ኬኩ ጠርዝ መውረድ ጀመሩ። ሊቀመንበሩ አንድ ዓይናቸውን ንግግራቸው ላይ፣ አንድ ዓይናቸውን ኬኩ ላይ አድርገው ቆዩና መፈክሩ ጨርሶ ሳይፈስስ ይቆረስ ብለው ንግግራቸውን አሳጠሩ። ያን ቀን ሕዝቡ ጋሼን በልቡ ሳያመሰግን አልቀረም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ማዘዣው ሲመጣ ፊደሉ እንዳይወርድ የሚል ቃል ነበረበት። እኔ ቅቤውን በቀዝቃዛ ውኃ ሦስቴ አጥቤ፣ ከስኳር ዱቄት ጋር አሽቼ፣ ጫፏ በተቆረጠ የወረቀት ጥቅል ጻፍኩት። ጠዋት የጻፍኩት ማታም ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ጋሼ አይተው ጎሽ አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደዚያ ኬክ አልቀረቡም። እኔ ያን ዕለት ያወቅኩት አንድ ነገር ነው። የኔ ፊደል ሳይወርድ የሚቆምበት ቦታ ተገኘ።

ወሬው ወደ ሠርጉ ይመልሰኛል። ጋሼ ኮሶበር ላይ ሁለተኛ ኬክ ቤት ሊከፍቱ አስበው ነበር። እንጅባራን ያኔ ብዙ ሰው ኮሶበር ነው የሚላት። ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚያድርባት ከተማ ለፓና የተፈጠረች ናት ይሉ ነበር፤ ምድሪቱ ራሷ ማቀዝቀዣ ናት። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋቸዋል። የልጅነት ጓደኛዬ ብርቱካን ጫግኒ ላለ የእህል ነጋዴ ልጅ ስትዳር ኬኩ ለእኛ ታዘዘ። ጋሼም ጠርተው ይህን ኬክ ከስልባቦቱ እስከ አበባው ብቻሽን፣ በፓና ሥሪው፤ ከቆመልሽ ኮሶበር ያንቺ ነው አሉኝ። የኔ በር፣ የኔ ቁልፍ፣ ከአክስቴ ቤት የምወጣበት መንገድ ማለት ነው። ለአንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ስለ ሙቀቱ አንሥቼ ነበር። እሳቸው ከአስመራ ምጽዋ ፓና ያወረድኩ ሰው ነኝ አሉ፤ ካርቶኑን በእርጥብ ሣር መክበብ፣ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት፣ ሌላ ነገር የለውም።

ብርቱካን ደግሞ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። እሷ ብቻ ናት ስለ ወረቀቶቼ የምታውቀው። «የሺ፣ ስሜን ብቻ እንዳትጽፊ፤ የራስሽን ነገር ጻፊልኝ» አለችኝ። ሁለት ስንኝ አወጣሁላት። ለጋሼ ብነግራቸው ፓና ላይ ይህ ሁሉ ፊደል አይቆምም፣ በወረቀት ጽፈሽ ስጫት አሉኝ። በወረቀት። ወረቀት ላይ የጻፍኩት ምን እንደሚሆን የማውቀው እኔ ነኝ።

ስለዚህ አሁን ልናገረው። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ፓና አልፎብኛል፤ ሦስቱም ጊዜ እውነትም እጄ ነበር። እናታቸው ሥር ቁጭ ብለው ወተት ሲንጡ ያደጉ ልጆች እንደዚያ ነን፤ ክንዳችን ቅቤው ሲሰበሰብ የሚሰማውን ያን ከባድ ምት ነው የሚጠብቀው፤ ከዚያ በፊት መቆም ሥራን ጥሎ መሄድ ይመስለናል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ድምፁን ሰማሁት። ቀጭኑ የሽቦ ጩኸት ወፈረ፣ ዝግ አለ፣ በረዶ ላይ እንደሚሄድ እግር ሆነ። ሽቦውን ባነሣው ጫፉ ላይ ቀጥ ያለ ቀንድ ሠራ። በሕይወቴ የመታሁት ከሁሉ የተሻለ ፓና እሱ ነው። አየሁት። ከዚያ ሽቦውን መልሼ ነክሬ መታሁ።

ጋሼ እጃቸውን ጠርገው ሲጨርሱ የተናገሩት ቁጣ አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቸኮልኩብሽ አሉ። ከዚያም ኮታቸውን አውልቀው ስኳሩን አብረውኝ ወቀጡ። ቅቤው ሦስቴ ታጠበ፣ ታሸ፣ ነጣ። እሳቸው ጽጌረዳዎቹን ሠሩ፣ እኔ ፊደሉን። በቅቤ የሠሩት አበባ እንኳ ትንፋሽ ተይዞ የተሠራ ነበር። ስንኞቹ እነዚህ ናቸው፦

መንገዱ ቢሞቅም፣ ቆላ ነው ቢሉሽም፣
የዳንግላ ልጅ ነሽ፣ ፀሐይ አያቀልጥሽም።

እሑድ በሌሊት እህል ሊጭን ባዶውን በሚወርድ መኪና ጋቢና፣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ወረድኩ። ሾፌሩ መኪናው በነጠረ ቁጥር የሚያምመው አንቺን ነው ወይስ ኬኩን እያለ ይቀልድብኛል። መንገዱ ሲያዘቀዝቅ ሹራቤን አወለቅኩ፤ አየሩ ከበሶብላና ከደረቀ ሣር ሽታ ጋር ለብ ብሎ በመስኮት ገባ። በየጊዜው ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ። ፊደሉ እንዳለ ነው። አንዲት ነጥብ አልተነቃነቀችም። ያን ጠዋት የነበረኝን ኩራት ዛሬ የት እንደማገኘው አላውቅም፤ ሰው ሁሉ የሚቆምለት ነገር ጭኔ ላይ ይዤ የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

ዳሱ ውስጥ ኬኩ ከሙሽሮቹ ፊት ተቀመጠ። ፎቶ አንሺው ገና አልደረሰም። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ሦስት ሴቶች ቀርበው ጽሕፈት እንዳለው አዩ። አንዷ በጣቷ እየጠቆመች «መ... ን... ገ...» ማለት ጀመረች፤ ሌላዋ ቀድማ «ዱ!» አለች፤ ሦስተኛዋ አትሽቀዳደሙ፣ እኔ ደብተሬን የተቀበልኩት ከእናንተ በፊት ነው አለች። እንደዚያ እየተጎሻሸሙ፣ ፊደል በፊደል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሁለቱንም ስንኝ ጨረሱት። ዳሱ ሁሉ ሰማ። ብርቱካን ቀና ብላ አየችኝ። ግጥሜ በሰው አፍ ሲነገር የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የሙሽራው አያት ከሙሽራዋ ቀኝ ነበሩ የተቀመጡት፤ በዕድሜ የከበዱ፣ ከአገውኛ በቀር ብዙ የማይናገሩ እናት። ምን ይላል ብለው ጠየቁ፤ አንዷ ተርጉማ ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣታቸውን ሰድደው ከኬኩ ጥግ ትንሽ ነካ አደረጉና አሸተቱ። «ቅቤ» አሉ በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። ሙሽራ ቤት ስትገባ አናቷ በለጋ ቅቤ ይቀባል፤ እሳቸው ሲጠብቁት የነበረው ይህንኑ ነው፤ የከተማ ልጆች ቅቤውን አስጊጠው፣ ጽፈውበት ያመጡት መሰላቸው። መዳፋቸውን ዘርግተው ከ«መንገዱ» እስከ «ቢሉሽም» አንድ ጊዜ ዛቁና ብርቱካን አናት ላይ አሳረፉት። ሁለተኛው ስንኝ በሌላው መዳፍ ሄደ። እየመረቁ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ አሹላት። ሴቶቹ እልል አሉ። ስኳሩ ከቅንድቧ እየወረደ ብርቱካን ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች፤ ሚዜዎቹም ተራቸውን ጠብቀው ከጽጌረዳው እየቆነጠሩ ተቀቡ። ፎቶ አንሺው ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ራቁቱን ያለ ቡናማ ኬክ ነበር። ፎቶው አሁንም ብርቱካን ቤት ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሁሉ ዳቦ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል።

እኔ ከዳሱ ምሰሶ ጋር ተደግፌ ቆሜ ነበር። ከማንም በላይ የተከበረው የኔ ነገር ነው፤ ከማንም በፊት ያለቀውም እሱው ነው። ፓናው እንኳ በዚያ ሙቀት ከዚህ በላይ ይቆይ ነበር። ይህን ሳስብ የቅዳሜው ሳህን መጣብኝ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዳንግላ ስደርስ ጋሼ ደምሴ ጓሮው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንዴት ዋለ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አያትየዋ ጋ ስደርስ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ቅቤ መቼም አገሩን አይረሳም አሉ። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው አዲስ፣ ዘይቱ ያልደረቀ ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እሑድ ኮሶበር ሄደው ቤቱን ተዋውለዋል።

«አንቺ ላይ አላዝንም» አሉ። «እኔ አሮጊቷ ጣሊያን ቤት ሁለት ዓመት አበላሽቻለሁ። እጅ ቀን ይፈልጋል። እዚያ ብርድ ነው፣ ፓናው ይታገሥሻል። ውሰጂ።»

ቁልፉን አየሁት። ትንሽ ነበር፤ አንሥቼ ጉያዬ ውስጥ ብከትተው ማንም የማያውቀው ነገር ነው። እጄን ዘረጋሁ፤ ከመንካቴ በፊት ግን አፌ ቀደመኝ።

«ድምፁን ሰምቼዋለሁ ጋሼ።»

«የቱን?»

«የቅዳሜውን። ደርሶ ነበር። ቀንድ ሠርቶ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚያ ነው የመታሁት። ፊደሌ እንዲቆም ብዬ ነው።»

ከጎናችን ካሴቱ ይዘፍናል፤ ማንም ካኪ የለበሰ አላለፈም፣ ዘፈኑም አልተቋረጠም።

«ቀንዱ ይታጠፍ ነበር ወይስ ቀጥ ብሎ ቆመ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ቀጥ ብሎ ነው የቆመው።»

«በደንብ መትተሽዋል ማለት ነው።» ኮታቸውን ከሚስማሩ አወረዱ፤ አንዱን እጅ አጠለቁ፣ ሌላው እጃቸው ጥቂት ፈለገና ገባ። «መቆም ያቃተውን እጅ አስተምረው ነበር የሺ። መቆም ችሎ ያለፈውን ግን ምን ብዬ ነው የማስተምረው?»

ቁልፉን አነሡ። ሳህኑንም ከመደርደሪያው አወረዱና ብብታቸው ሥር ያዙት። ጫማቸው እንደወትሮው ያበራ ነበር። በጎኔ ሲያልፉ አላዩኝም፤ ወጡና በሩን ከኋላቸው ቀስ አድርገው ዘጉት።